ዋይፋይ ሲደክም ምን ይሻላል? ቦታ መቀየር፣ ኬብል፣ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ አዲስ ራውተር

«ኢንተርኔቱ አይሠራም» የሚለው አንድ ቅሬታ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል። ችግሩ ከውጭ ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ራውተሩ ራሱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከራውተሩ እስከ ስልኩ ባለው አየር ላይ፣ ማለትም ዋይፋዩ ላይ። ለሽያጭ የሚቀርበው ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚጠግነው። መስመሩ እየተቆራረጠ ሪፒተር፣ ማለትም ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ፣ የገዛ ሰው የሚቆራረጠውን ኢንተርኔት እስከ ጓዳ አስገባ እንጂ ሌላ ያተረፈው የለም። ዋይፋዩ በሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ታፍኖ ሳለ ትልቅ ፓኬጅ የገዛም መኝታ ቤቱ ውስጥ ያው ድሮ ያገኘውን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ምርጫው ከምርመራ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ምርመራ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ኬብል ነው። ኬብሉን ከራውተሩ ጀርባ «ላን» ከተባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክታችሁ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ይህን መርሳት የተለመደ ነው፤ ካላጠፋችሁት የለካችሁት ኬብሉን ይሁን ዋይፋዩን በእርግጠኝነት መናገር አትችሉም። ላፕቶፑ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው የዩኤስቢ ኢተርኔት ማገናኛ ይበቃል።

አሁን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮቱን ከፍታችሁ ሦስት ፒንግ (ping ብሎ አድራሻውን በመጻፍ የሚላክ፣ መልስ የሚጠብቅ ትንሽ መልእክት) በተራ ላኩ፤ አንዱን ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጉግል አድራሻ 8.8.8.8፣ በመጨረሻ ወደ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም። የራውተሩ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን ከራውተሩ ሥር ወይም ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። ዊንዶውስ 4 ጊዜ ልኮ ያቆማል፤ መቆራረጥን ለመያዝ ግን ይህ አይበቃም። ከትእዛዙ መጨረሻ ሰረዝና የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ብትጨምሩበት እስክታቆሙት ይቀጥላል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ተዉት።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። በኬብል ተገናኝታችሁ ራውተሩ ራሱ ከ1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ በላይ እየዘገየ ወይም መልስ እየጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የኬብሉ፣ የቀዳዳው ወይም የራውተሩ ነው። ራውተሩ በንጹህ እየመለሰ 8.8.8.8 የሚጠፋ ከሆነ የመስመሩ ነው፤ ምንም ዓይነት የዋይፋይ ዕቃ አይፈታውም። 8.8.8.8 መልሶ የድረ ገጹ ስም ካልተገኘ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው የቆመው፤ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 ብላችሁ ብትሞሉት ይስተካከላል፤ ወጪም የለውም። ሦስቱም በኬብል ንጹህ ሆነው በዋይፋይ ብቻ ከተበላሹ ችግሩ አየር ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ላፕቶፑ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ደግሞ ራውተሩ አድራሻ አላደለውም ማለት ነውና ፒንግ መላኩም ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ካልሆነም አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ሴቲንጉ ላይ በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

ፍጥነቱንም በዚያው ኬብል ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዱን ማለዳ፣ ሌላውን ሰው ሁሉ ቤቱ በሚገባበት ምሽት። ማለዳ ሙሉ ሆኖ ምሽት በግማሽ የሚወርድ ከሆነ የተጨናነቀው የአገልግሎት ሰጪው ኔትወርክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ፦ ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ዳውንሎድ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው የሚያሳዩት፤ 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው። የ40 ሜጋቢት ደንበኛ ስክሪኑ ላይ 5 ካየ ምንም አልጎደለበትም። ብዙ አቤቱታ እዚህ ያበቃል።

ለዋይፋዩ ደግሞ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም የሚያሳይ ነፃ አፕ ስልክ ላይ ጫኑ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል። እስከ -50 ድረስ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ -67 የቪዲዮ ጥሪ ያለችግር ይሄዳል፤ ከ-75 በኋላ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ -80 ላይ ስልኩ የዋይፋይ ምልክቱን ያሳያል እንጂ ብዙም የሚያልፍ ነገር የለም። ከራውተሩ 2 ሜትር ርቃችሁ አንድ ጊዜ፣ የሚያስቸግረው ክፍል ውስጥ ሌላ ጊዜ ለኩና ቁጥሮቹን ጻፏቸው። በኋላ የገዛችሁት ዕቃ መጥቀሙን የምታውቁት በእነዚህ ነው።

ማጥፋትና ማብራት ወይስ ሪሴት?

ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ማጥፋትና ማብራት ማለት ከሶኬት ነቅሎ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መመለስ ነው። መስመሩን ከውጭ የሚቀበለው ሞደምና ራውተሩ የተለያዩ ከሆኑ ቀድሞ የሚበራው ሞደሙ ነው፤ መብራቶቹ እስኪረጉ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ራውተሩን አብሩ። በዚህ የሚጠፋ ሴቲንግ የለም። ሪሴት ግን በመርፌ ቀዳዳዋ ውስጥ ያለውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ የዋይፋይ ስሙን፣ ፓስወርዱን፣ ከሁሉም በላይ አገልግሎት ሰጪው የሞላውን የመግቢያ ስምና ኮድ ጠርጎ ያጠፋል። መስመሩ በስምና በኮድ የሚከፈት ከሆነ ያን ያልመዘገበ ሰው ከሪሴት በኋላ ምንም ኢንተርኔት የለውም። የአስተዳዳሪ ገጹ ፓስወርድ ካልጠፋ ወይም ሴቲንጉ ካልተዘበራረቀ በስተቀር ሪሴት አያስፈልግም፤ የግድ ከሆነም አስቀድማችሁ የኢንተርኔት ሴቲንግ ገጹን ፎቶ አንሱት፤ ራውተሩ ባክአፕ የሚያስቀምጥ ከሆነ እሱንም አውርዱ።

አጥፍቶ ማብራት ለአንድ ሁለት ቀን አስተካክሎ ችግሩ የሚመለስ ከሆነ፣ ራውተሩን ከመጣል በፊት አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ያረጀ አዳፕተር ሥራ ሲቀንስ ትክክለኛውን ቮልት ይሰጣል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት ግን ይወርድበትና ራውተሩ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል። ምልክቱ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ጠፍተው እንደገና ከመጀመሪያው መብራት መጀመራቸው ነው። ምትክ ሲገዛ ቮልቱ የግድ አንድ መሆን አለበት፤ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም። 12 ቮልት 1 አምፒር የሚለውን በ12 ቮልት 2 አምፒር መተካት ይቻላል፤ በ9 ቮልት ግን አይቻልም። የመሰኪያው ውፍረትና የፖዘቲቭ ኔጌቲቩ አቀማመጥም ይመሳከር፤ ሁለቱም ላይ በትንሽ ሥዕል ተመልክቷል።

ገንዘብ የማይወጣባቸው ምርጫዎች

ራውተር በተሰካበት የሚቀመጠው ሠራተኛው የገጠመበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ለዋይፋይ የሚመች ቦታ ሆኖ አይደለም። ከቲቪ ጀርባ፣ ከብረት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከትልቅ መስታወት ወይም ከውኃ ታንከር አጠገብ አውጡት፤ ብረትና ውኃ ሞገዱን ይውጡታል ወይም ይመልሱታል። የቤቱ መካከል፣ ከደረት ከፍታ በላይ ይሻላል። አንቴናው ሞገዱን የሚረጨው ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ጫፉ አይደለም፤ አንድ ፎቅ ብቻ ለሆነ ቤት ሁሉንም ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ ላይና ታች ለሚኖሩ አንዱን አጋድሙት።

ፋይበር ላላችሁ አንድ ጥንቃቄ አለ። መቀየር ያለበት የራውተሩ ቦታ እንጂ የፋይበር ሳጥኑ አይደለም። ቀጭኗ የፋይበር ገመድ ከ3 ሴንቲሜትር ራዲየስ በታች ከታጠፈች ብርሃኑ ይፈሳል፤ ከተቀጨችም በቴፕ አትቀጠልም። ሳጥኑን ባለበት ትታችሁ ከእሱ ወደ ራውተሩ የሚሄደውን የኔትወርክ ኬብል አርዝሙት። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ከሆኑ ኬብል ጎትቶ ሌላ ራውተር መሃል ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከታች እንመጣበታለን።

ዋይፋይ የሚሰራጨው በሁለት የሞገድ ክልል፣ ማለትም ባንድ ነው፤ 2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርትዝ? 2.4 ግድግዳ ያልፋል፣ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው፤ የጎረቤት ራውተር፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ራውተሩ ላይ መሰካትም በዚሁ ባንድ ላይ ጫጫታ ይጨምራል። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። አንድ ክፍል ውስጥ ከራውተሩ ጋር ከሆናችሁ 5፣ ሁለት ግድግዳ ካለፋችሁ 2.4 የሚያዋጣ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ስም ማድረግ ለስልክና ለላፕቶፕ ይመቻል፤ 2.4 ብቻ የሚያውቁ አምፖሎች፣ ካሜራዎችና አሮጌ ፕሪንተሮች አልገናኝ ሲሉ ግን ለ2.4 የተለየ ስም መስጠት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ቻናል፣ ማለትም በባንዱ ውስጥ ራውተሩ የሚናገርበትን መስመር፣ ስትመርጡ በ2.4 ላይ 1፣ 6 ወይም 11 እንጂ ሌላ አትንኩ። ብዙ ሰው 3 ላይ ማንም አለመኖሩን አይቶ እዚያ ይሄዳል፤ 3 ግን ከ1ም ከ6ም ጋር ስለሚደራረብ የሁለቱንም ጩኸት ይሰማል። ስፋቱንም 20 ሜጋኸርትዝ አድርጉት። በ5 ላይ ደግሞ ዋይፋዩ አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከስልኩ ዝርዝር ጠፍቶ በራሱ የሚመለስ ከሆነ ቻናሉን እዩ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር የመሰለ ነገር ሲሰማ ቻናሉን መልቀቅ አለበት፤ ሌላ የዚህ ዓይነት ቻናል ላይ ከመናገሩ በፊትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ ግዴታው ነው። ከ36 እስከ 48 ካሉት ላይ ብታስቀምጡት ይህ መጥፋት ያበቃል።

ኬብል፦ የማይወደደው፣ ግን የሚያሸንፈው

ኬብል መዘርጋት የሚቻልበት ቤት ውስጥ ሪፒተርና ሜሽ የሚያሸንፉበት መለኪያ የለም። ቲቪ፣ ዴስክቶፕ፣ የጨዋታ መሣሪያ፣ ማለትም ቦታውን የማይለቅ ማንኛውም ነገር በኬብል ይሂድ። እነሱ ከአየር ላይ ሲወርዱ ስልኮቹም ይተነፍሳሉ።

ለቤት ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት በቂ ነው፤ እስከ 100 ሜትር 1 ጊጋቢት ያሳልፋል። ካት 6 በጥቂት የዋጋ ልዩነት ከተገኘ እሱን ያዙ፤ እስከ 55 ሜትር 10 ጊጋቢት ይችላል። መሸሽ ያለባችሁ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ኬብል ነው። ሽቦውን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ብርማ ቀለም ካወጣ እሱ ነው፤ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ በረዥም ርቀትም ይደክማል። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት በቀጥታ አቋርጦት ይለፍ።

ጫፉን ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የቀለሙ ተራ ይህ ነው፤ የአርጄ 45 መሰኪያው መቆለፊያ ምላስ ወደ ታች ሆኖ የወርቃማ ጥርሶቹ ጫፍ ከእናንተ ርቆ ሳለ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የተጠመዘዘውን ጥንድ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት፤ የውጭ ሽፋኑም መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ይጨመቅ፤ አለበለዚያ ሲሳብ የሚነቀሉት ሽቦዎቹ ናቸው።

ከዚህ ጋር የምትሄድ አንዲት ጠቃሚ ቁጥር አለች፤ 94። ፓኬጃችሁ 200 ሆኖ ፍጥነቱ ሁልጊዜ 94 አካባቢ ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ግንኙነቱ በ100 ሜጋቢት ተወስኗል። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ነው፤ 1 ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው አንድ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይም የራውተሩ ወይም የላፕቶፑ ቀዳዳ ራሱ የ100 ነው። ኬብል ቀይራችሁ ቁጥሩ ካልተለወጠ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ነው።

ሪፒተር፣ ሜሽ፣ ፓወርላይን ወይስ አሮጌው ራውተር?

ኬብሉን እስከ ሁሉም ክፍል ማድረስ ካልተቻለ ወይም ዋይፋዩ ራሱ መስፋት ካለበት አራት መንገድ አለ።

ሪፒተር ርካሹ ነው፤ በጣም በተሳሳተ ቦታ የሚሰካውም እሱ ነው። ሪፒተር እንደ አስተርጓሚ ነው፤ ሰምቶ ሳይጨርስ አይናገርም። በአንድ ባንድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግማሹ ጊዜ በመስማት፣ ግማሹ በመናገር ስለሚያልቅ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባለ ሁለት ባንዱ በአንዱ ሰምቶ በሌላው ሊናገር ስለሚችል ኪሳራው ይቀንሳል። ያም ሆነ ይህ ሲግናል በሞተበት ክፍል ውስጥ ከተሰካ የሚደግመው ነገር የለውም። ቦታው ራውተሩና የሚያስቸግረው ክፍል መካከል፣ ስልካችሁ የራውተሩን ሲግናል ከ-60 እስከ -65 የሚያነብበት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ዜና ለማየትና መልእክት ለመላክ ብቻ ከሆነ ሪፒተር ይበቃል። ለቪዲዮ ስብሰባና ለጨዋታ አንመክረውም።

ሜሽ እንደ አንድ ቡድን የሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ራውተሮች ናቸው፤ አንድ ስም፣ አንድ ሴቲንግ፣ አንድ አፕ። ሰው ከክፍል ክፍል ሲሄድ ስልኩን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሸጋገር ይረዳሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የስልኩ ነው፤ አንዳንድ ስልኮች ሲግናሉ -70 አካባቢ እስኪወርድ ሌላ አይፈልጉም። ለዚህ ነው ሜሽ አብዝቶ መደርደር የሚጎዳው። ሁለት ይበቃ የነበረ ቤት ውስጥ አራት ሲሆኑ ስልኩ ሩቁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ እነሱም እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። ስትገዙ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሳጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በምንድን ነው? ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ ያንኑ ስልኮቹ የሚጠቀሙበትን 5 ጊጋኸርትዝ ነው የሚጋራው፤ ስለዚህ በባሕርዩ የተሻለ ሪፒተር ነው። ባለ ሦስት ባንዱ አንዱን ለራሱ ይይዛል፤ ዋጋውም በዚያው ይጨምራል። ሳጥኖቹን በኬብል ማገናኘት ከቻላችሁ ግን ርካሹ ባለ ሁለት ባንድ ሜሽ ውዱን ያለ ኬብል የቆመ ሜሽ ይበልጠዋል። የገንዘብ ምርጫ ከመጣ ገንዘቡ ኬብሉ ላይ ይዋል።

ፓወርላይን ኢንተርኔቱን በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ ያሳልፋል። አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ሩቁ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 1000 ወይም 2000 የወረቀት ቁጥር ነው፤ ሩቡን ማግኘት ራሱ ዕድለኛነት ነው። ማከፋፈያ ላይ ወይም የመብረቅ መከላከያ ባለው ሶኬት ላይ ከተሰካ ማጣሪያው ሲግናሉን ይበላዋል። ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይገናኝም፤ የማቀዝቀዣ ሞተርና ርካሽ ቻርጀሮችም ይረብሹታል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ሆኖ ዋይፋይ በፍጹም በማያልፍበት ቤት ግን ብቸኛው አማራጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውጤቱ ሽቦው ላይ ስለሚወሰን መመለስ ከሚቻልበት ሱቅ ብቻ ግዙት።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ያለው አሮጌ ራውተር። አንድ ኬብል መጎተት ከተቻለ ከሪፒተር የተሻለ ሥራ ይሠራል። አሮጌው «አክሰስ ፖይንት» የሚል፣ ማለትም በኬብል የመጣለትን በዋይፋይ ማሰራጨት ብቻ የሚሠራበት ምርጫ ካለው እሱን መምረጥ ነው። ከሌለው ተራውን ጠብቁ። አሮጌውን ለብቻው ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኙና አድራሻውን ከዋናው የተለየ፣ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.2 አድርጉት፤ ቁጥሩ ዋናው ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ገብታችሁ ዲኤችሲፒውን አጥፉ። የዋይፋይ ስሙን፣ ፓስወርዱንና የደህንነት ዓይነቱን ከዋናው ጋር አንድ፣ ቻናሉን ግን የተለየ አድርጉ። በመጨረሻ ከዋናው የላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው የላን ቀዳዳ በኬብል አገናኙ። ተለይቶ «ዋን» የተባለው ውስጥ አትሰኩት። እዚያ ከተሰካ አሮጌው የራሱን ሁለተኛ ኔትወርክ ይፈጥራል፤ ስልኩ ፕሪንተሩን አያገኘውም፣ ጨዋታዎችም ግንኙነቱ ጥብቅ ነው እያሉ ያስቸግራሉ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ ደግሞ ሁለቱም አድራሻ እያደሉ ቤቱ ሙሉ ይተራመሳል፤ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም።

አዲስ ራውተር መቼ?

ከራውተሩ 2 ሜትር ላይ ቆማችሁ እንኳ የዋይፋዩ ፍጥነት በኬብል ከለካችሁት በጣም ካነሰ፣ ቀዳዳዎቹ የ100 ሜጋቢት ሆነው ፓኬጁ ከዚያ ካለፈ፣ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ ማውጣት ካቆመ፣ ወይም አዳፕተር ተቀይሮለት እንኳ የሚጠፋ ከሆነ ጊዜው ነው። ቅርብ ላይ ጥሩ ሆኖ ሩቅ ላይ ብቻ የሚደክም ከሆነ ግን አዲሱም ያው ግድግዳ ነው የሚጠብቀው። ራውተሮች የሚለቁት ኃይል በደንብ የተገደበ ነው፤ ስልኩ መልሶ የሚልክበት ኃይል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስምንት አንቴና ያለው ራውተር ስልኩን በተአምር አያስጮኸውም።

ካርቶኑ ላይ 1800 የሚል የዋይፋይ 6 (6 የዋይፋዩ ትውልድ ቁጥር ነው) ራውተር ስታዩ ቁጥሩ ተጠጋግቶ የተጻፈ ድምር መሆኑን እወቁ፤ 574 በ2.4 ላይ፣ 1201 በ5 ላይ ነው። አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አይጠቀምም። 1201 የሚለውም የሬዲዮው ፍጥነት ነው፤ ቅርብ ላይ ቆሞ ከግማሽ ትንሽ የሚያልፈውን ማግኘት የተለመደ ነው። ብዙ ስልኮች ሁለት የዋይፋይ አንቴና ብቻ ስላላቸው 3000 ወይም 5400 የሚለውን መግዛት ለአንድ ስልክ ያን ያህል አይጨምርለትም።

ከዋይፋይ 5 ወደ 6 መሄድ ዕቃ ለበዛበት ቤት ይጠቅማል፤ ዋይፋይ 5 በ5 ጊጋኸርትዝ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን 6 ግን 2.4ንም አሻሽሏል። ዋይፋይ 7 በ2024 ማረጋገጫ ማግኘት የጀመረ ነው፤ ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ ካልያዙት ዛሬ የሚሰጣችሁ ጥቂት ነው። አዲሱ የ6 ጊጋኸርትዝ ባንድም ከ5 የባሰ ግድግዳ ይፈራል።

አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ ሞደም ባለበት አዲስ ራውተር ስትጨምሩ ሁለቱም ራውተር ሆነው እንዳይቀሩ ሞደሙ «ብሪጅ» ላይ፣ ማለትም መስመሩን ብቻ በሚያሳልፍበት ሴቲንግ ላይ ይደረግ፤ ካልተቻለ አዲሱ «አክሰስ ፖይንት» ይሁን።

ጥፋቱ የመስመሩ ከሆነ

እዚህ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ማስረጃ ይዞ መደወል ነው። ማስረጃው እንደ መስመሩ ዓይነት ይለያያል።

በስልክ ሽቦ በሚመጣ ዲኤስኤል፣ ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ማጣሪያ የለም ወይም ተበላሽቷል። ስልኮችን ሁሉ ነቅላችሁ ሞደሙን መጀመሪያ ቤት በሚገባው ሶኬት ላይ ብቻ ሰኩት። ከተረጋጋ ጥፋቱ የቤቱ ሽቦ ነው። ካልተረጋጋ የሞደሙ ገጽ ላይ የጫጫታ ልዩነት የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ መቆራረጡ አይገርምም፤ ያን ቁጥር ለሠራተኛው ንገሩ።

በፋይበር፣ «ሎስ» የምትለው መብራት ቀይ ከሆነች ብርሃን እየደረሰ አይደለም፤ ራውተር ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው። የሚደርሰው የብርሃን መጠን በሳጥኑ ገጽ ላይ ከታየ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት። የገመዱን ጫፍ ነቅላችሁ አትመልከቱ፤ ሌዘሩ ለዓይን አይታይም፣ ግን ይጎዳል።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሌላ ጣጣ አለው። ለራሱ ሲግናል መስኮት ዳር መቀመጥ ይፈልጋል፤ ለዋይፋዩ ግን የቤቱ መሃል ይሻላል። ሁለቱ ሲጣሉ መስኮቱ ይቅደም፤ መሃሉን በኬብል በተገናኘ ሌላ ራውተር ሙሉት። በገጹ ላይ የሞባይል ሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየው «አርኤስአርፒ» የሚለው ቁጥር -80ዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ-110 ካነሰ በዚያ ቦታ ላይ ተስፋ አታድርጉ። በየመስኮቱ አዙራችሁ አንብቡት፤ ፎቁም ለውጥ ያመጣል።

ፓኬጅ ማሳደግስ? ባለ ሙሉ ኤችዲ ፊልም 5 ሜጋቢት ያህል፣ 4ኬ ከ15 እስከ 25፣ አንድ የቪዲዮ ጥሪ በየአቅጣጫው ከ2 እስከ 4 ይፈልጋል። ሁለት የኤችዲ ፊልምና ሁለት ጥሪ አንድ ላይ ቢሄዱ እንኳ 20 ሜጋቢት አይሞሉም። ስለዚህ 50 ያለው ቤት ውስጥ አንዱ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን የሌላው ጥሪ የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጠኑ አይደለም ያነሰው። አፕሎዱ ሞልቶ ሁሉም ነገር ራውተሩ ውስጥ ተሰልፏል። ፒንግ ወደ 8.8.8.8 እየላካችሁ ትልቅ ፋይል አፕሎድ አድርጉ፤ ከ20 ሚሊሰከንድ ወደ 300 ከዘለለ እሱ ነው። ራውተሩ ላይ «ኤስኪውኤም» የሚባለው ሰልፍ አስተካካይ ካለ አብሩትና ገደቡን በኬብል ከለካችሁት ፍጥነት 90 በመቶ ላይ አድርጉት። ከላይ የምታጡት ጥቂት ነው፤ ጥሪው ግን ይስተካከላል። ይህ ሴቲንግ የሌለው ራውተር ካላችሁ፣ ለእሱ ሲባል ራውተር መቀየር ፓኬጅ ከማሳደግ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በቤቱ ዓይነት ሲታይ

አንድ ወይም ሁለት ክፍል ላለው ቤት፣ ራውተሩን አውጥቶ ከፍ ማድረግና ቻናሉን ማስተካከል ነው፤ ሌላ አትግዙ። ረዥም ቤት ሆኖ ራውተሩ አንድ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ አንድ ኬብል ወደ ሌላው ጫፍና አሮጌው ራውተር። ተከራይታችሁ ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ፣ ኬብሉን በግርጌው ጠርዝ ማስኬድ ካልሆነ ባለ ሁለት ሳጥን ሜሽ። ባለ ፎቅ ቤት ከሆነ ሁለቱን ሳጥን በተቻለ መጠን አንዱን ከአንዱ በላይ፣ ደረጃው አጠገብ አስቀምጡ፤ ክፍት የሆነው ደረጃ ከኮንክሪቱ ሶሌታ በላይ ያሳልፋል። ከግቢው ማዶ ላለ ሰርቪስ ቤት፣ ለውጭ የተሠራ ኬብል በቱቦ ውስጥ ይሻላል፤ ሁለቱ ሕንፃዎች የተለያየ የመሬት ሽቦ ካላቸውና መብረቅ ካለ ግን በመዳብ ፋንታ ፋይበር ይዘርጋ።

የገዛችሁትን ከገጠማችሁ በኋላ መጀመሪያ የጻፋችኋቸውን ቁጥሮች አውጡ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ስልክ፣ በዚያው የቀን ሰዓት ለኩ። ዲቢኤሙ ከ-78 ወደ -60 ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተነቃነቀ ሪፒተሩ ወይም ሜሹ ራሱ ከራውተሩ ደካማ ሲግናል እየተቀበለ ነው፤ ወደ ራውተሩ 2 ወይም 3 ሜትር አቅርባችሁ እንደገና ለኩ። ሁለት ሦስት ቦታ ተሞክሮ ካልተለወጠ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ መልሱት።